ተፅዕኖ ፈጣሪዎችና የኦንላይን ጋዜጠኝነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ባሉ የዜና ክፍሎች፣ የራሳቸውን ገጽ ከሚያስተዳድሩ ወጣቶችና ከአንባቢዎች በብዛት የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው።

ተፅዕኖ ፈጣሪ የሚባለው ማን ነው? ከጋዜጠኛ በምን ይለያል?

በቲክቶክ፣ በዩቲዩብ፣ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም በራሱ ስምና መልክ ተከታይ ያፈራ ሰው ነው። ሰዉ የሚከተለው የሚሠራበትን ድርጅት አምኖ ሳይሆን እሱን ወዶ ነው። ስለ ምግብ፣ ስለ ኳስ ወይም ስለ መኪና ብቻ የሚያወራ ከሆነ ከጋዜጠኝነት ጋር ብዙም አይገናኝም። መገናኘት የሚጀምረው «የታክሲ ታሪፍ ጨመረ»፣ «ይህ ሰፈር ሊፈርስ ነው»፣ «ነዳጅ ነገ ይጠፋል» ማለት የጀመረ ዕለት ነው።

መሣሪያቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም በስልክ ይቀርፃሉ። ልዩነቱ ከስልኩ ጀርባ ባለው ሰው ቁጥር ነው። ዜና ክፍል ውስጥ ሪፖርተር የጻፈውን አርታኢ ያየዋል፤ አጠራጣሪ ከሆነ ይመልሰዋል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጥለዋል። ተፅዕኖ ፈጣሪው ግን ዘጋቢውም፣ አርታኢውም፣ ማስታወቂያ ሰብሳቢውም ራሱ ነው። ስለዚህ አንድን ገጽ ለመመዘን «ጋዜጠኛ ነው፣ አይደለም» ከሚለው ክርክር ይልቅ «ሲሳሳት የሚያርመው ማን ነው? እርማቱንስ የት አገኘዋለሁ?» የሚለው ጥያቄ ይጠቅማል። በዚህ ሚዛን ከአንዳንድ ጣቢያ የሚበልጥ ቲክቶከር አለ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ሰው ዜናን ከጣቢያ ይልቅ ከቲክቶከር መስማት ለምን መረጠ?

ፍጥነት አንዱ ምክንያት ነው፤ ትልቁ ግን አይመስለንም። ትልቁ ቋንቋው ነው። የተለመደው ዜና «ከሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት እየተሠራ እንደሚገኝ ተገለጸ» ብሎ ሲጀምር፣ ቲክቶከሩ «ስሙኝማ፣ ከነገ ጀምሮ ከመገናኛ ፒያሳ የምትከፍሉት ሊጨምር ነው» ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ስብሰባ ሊሆን ይችላል። አድማጭ ጆሮ የሚሰጠው ኪሱን ለነካው ነው። የመድረክ ንግግር እንዳለ ዜና ሆኖ በሚነበብበት ከተማ ይህ ክፍተት ሰፊ ነው፤ ተፅዕኖ ፈጣሪው ክፍተቱን አልፈጠረውም፣ ገባበት እንጂ።

ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። የሮይተርስ የጋዜጠኝነት ጥናት ተቋም በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዲጂታል ዜና ሪፖርት፣ በቲክቶክ፣ በኢንስታግራምና በስናፕቻት ዜና የሚከታተሉ ሰዎች ከጋዜጠኞች ይበልጥ ለታዋቂ ሰዎችና ለተፅዕኖ ፈጣሪዎች ትኩረት እንደሚሰጡ አሳይቷል። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ከአገሪቱ አዋቂዎች 21 በመቶው፣ ከ30 ዓመት በታች ካሉት ደግሞ 37 በመቶው ዜና አዘውትረው የሚሰሙት ከእነዚህ ሰዎች ነው ብሏል። ዜና ከሚያወሩት ተፅዕኖ ፈጣሪዎች ውስጥ 77 በመቶው በዜና ተቋም ሠርተው አያውቁም።

የዜና ክፍሎች አሠራር በተጨባጭ ምኑ ተለወጠ?

የሥራው ቅደም ተከተል ተገልብጧል። ድሮ ዜናው ይጻፍና ከተረፈ ጊዜ ቪዲዮ ይሠራለት ነበር፤ አሁን በመጀመሪያ የሚወጣው ከ60 እስከ 90 ሰከንድ የሚሆን የቁም ቪዲዮ ነው። ልኩ 9 በ16 ነው፤ ማለትም 1080 በ1920 ፒክስል። በ60 ሰከንድ ውስጥ ሳይጣደፉ የሚነበበው ከ100 እስከ 120 ቃል ስለሆነ፣ 400 ቃል የነበረ ዜና ሩብ ላይ ይቆማል። መጀመሪያ የሚቆረጠው ምን እንደሆነ ልብ ይሏል? «በሌላ በኩል» የሚለው አንቀጽ ነው። ሚዛናዊነት በአጭር ቪዲዮ ውስጥ የሚጠፋው ሁልጊዜ በክፋት ሳይሆን በሰከንድ እጥረት ነው። መፍትሔው የሌላውን ወገን መልስ በአንድ ዓረፍተ ነገርም ቢሆን ከ20ኛው ሰከንድ በፊት ማስገባት ነው፤ መጨረሻ ላይ የተቀመጠ መልስ አብዛኛው ተመልካች ሳይደርስበት ያልፋል።

ታክሲ ውስጥ ሆኖ ድምፅ ዘግቶ የሚያየው ሰው ስለሚበዛ፣ የሚነገረው ሁሉ በስክሪኑ ላይ ይጻፋል። እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚሠራ ስህተት አለ፦ ጽሑፉን ቴሌቪዥን ላይ እንደለመዱት ታች ያስቀምጡታል። የቲክቶክ መግለጫ ታችኛውን ክፍል፣ የላይክና የሼር ምልክቶች ደግሞ ቀኙን ስለሚሸፍኑ ግማሹ አይነበብም። ከመሃል ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር ሳይበልጥ መቀመጥ አለበት። የጠዋቱ የአርትዖት ስብሰባም ተለውጧል፤ ከመግለጫ ጥሪዎች በፊት «ሌሊቱን ምን ዞረ?» ተብሎ ቲክቶክና ቴሌግራም ይታያል። ይህ ጥሩም መጥፎም ነው፤ የሰፈር ሰው ያነሳው ችግር ዜና የመሆን ዕድል አግኝቷል፤ በዚያው ልክ አንድ ቲክቶከር የፈጠረው ወሬ አምስት ጣቢያ «ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መነጋገሪያ ሆነ» እያለ ሲቀባበለው ይውላል። መነጋገሪያ መሆኑ ብቻውን ዜና አያደርገውም።

አንድ ነገር ብዙዎች ረስተውታል፦ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በአገሪቱ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ያኔ የራሱ ድረ ገጽ የነበረው ሚዲያ ለአንባቢው የሚደርስበት በር ነበረው፤ ሁሉን በአንድ ገጽ ላይ ያስቀመጠ ግን አምስት ወር ያህል አንባቢውን ቪፒኤን እስኪጭን ሲጠብቅ ከረመ።

የዩቲዩቡ ተምኔል (የቪዲዮው መግቢያ ምስል) ሌላ፣ ውስጡ ሌላ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ሂሳቡ እንዲህ ስለሚያዝዝ ነው። ዩቲዩብ ማስታወቂያ ከሚያስገኘው ገቢ ለማካፈል 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት፣ ወይም በ90 ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን የሾርትስ (የአጫጭር ቪዲዮ) እይታ ይጠይቃል። ቪዲዮው 8 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ በመሃሉ ማስታወቂያ ማስገባት ይቻላል። የሁለት ደቂቃ ወሬ 11 ደቂቃ የሚወስደው፣ «ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት» የማያልቀው፣ ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ የሚደበቀው ለዚህ ነው። ቀይ ክብ፣ የሚያለቅስ ፊትና «ጉድ ፈላ» የሚል ጽሑፍ ደግሞ ሰውን ጠቅ ያስደርጋል።

ሁለተኛው ምክንያት ተመልካቹ ያለበት አገር ነው። አሜሪካ ሆኖ የሚታይ አንድ እይታ አዲስ አበባ ላይ ከሚታይ አንድ እይታ ብዙ እጥፍ ይከፍላል፤ የማስታወቂያ ዋጋው ስለሚለያይ። ስለዚህ ብዙ የአማርኛ ቻናሎች ርዕሳቸውን የሚመርጡት ለዳያስፖራው ነው፤ ሰዓቱንም ለእሱ ያስተካክላሉ። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች፣ እዚያ ሰው ከሥራ ሲወጣ እዚህ እኩለ ሌሊት ሊሞላ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ የሚወጣው «ሰበር» ሁሉ እኩለ ሌሊት ላይ የሆነ ነገር አይደለም።

ከዩቲዩብ ሌላ ገቢያቸው ከየት ነው?

በቲክቶክ ዋናው የላይቭ ስጦታ ነው፤ ተመልካቹ በገንዘብ የገዛውን ስጦታ ይልካል፣ ኩባንያው ድርሻውን ወስዶ የቀረው ለባለ ላይቩ ይደርሳል። ጭቅጭቅና ባትል (ሁለት ባለ ላይቮች በስጦታ ብዛት የሚፎካከሩበት) የሚበዛው ስጦታ የሚዘንበው በጭቅጭቅ መሃል ስለሆነ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን በቀጥታ ከነጋዴ የሚመጣው ክፍያ ነው፦ ሪል እስቴት፣ ሬስቶራንት፣ የውበት ሳሎን፣ የትምህርት ወኪል። ይህኛው ከጋዜጠኝነት ጋር በቀጥታ ይጋጫል።

የተከፈለበትን «ዜና» እንዴት ልለየው?

ክፍያው ራሱ ነውር አይደለም፤ መደበቁ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ማስታወቂያ ማስታወቂያ መሆኑ መታወቅ አለበት የሚለው መርህም አዲስ አይደለም። ቲክቶክም፣ ዩቲዩብም፣ ኢንስታግራምም «የተከፈለበት» የሚል ምልክት ማድረጊያ አላቸው፤ እዚህ ግን ብዙዎች አይነኩትም።

የሪል እስቴት ቪዲዮን ምሳሌ እናድርግ። ከሚከተሉት ሁለት ሦስቱ ከተገጣጠሙ ማስታወቂያ ነው ብለው ይያዙት፦ ስልክ ቁጥር መግለጫው ላይ አለ፤ የሚናገረው የኩባንያው ሰው ብቻ ነው፤ ካሬው ስንት እንደሆነ ይነገራል እንጂ የማስረከቢያ ቀን ሲዘገይ ምን እንደሚደረግ አይጠየቅም፤ በዚያው ሳምንት አራትና አምስት ቲክቶከሮች ያንኑ ሳይት፣ በዚያው ቃል፣ አንዳንዴም በዚያው የራስ ቁር «ጎብኝተዋል»። ጋዜጠኛ ቢሆን ኖሮ የሚጠይቃቸው የታወቁ ናቸው፦ የቦታው ይዞታ በማን ስም ነው? የግንባታ ፈቃዱ ለስንት ፎቅ ነው? ቀደም ሲል የሸጣችሁትን ቤት ለስንቱ አስረከባችሁ? እነዚህ ያልተጠየቁበት «ጉብኝት» ዜና አይባልም።

ጣቱ ወደ ተፅዕኖ ፈጣሪው ብቻ መቀሰሩ ግን ፍትሐዊ አይደለም። ሆቴል አዳራሽ በሚሰጥ መግለጫ ላይ «ትራንስፖርት» እየተባለ በፖስታ የሚታደለውን ገንዘብ መቀበል በጋዜጠኛው ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ቲክቶከሩ ፖስታውን አሳደገው እንጂ አልፈለሰፈውም።

«ምንጭ አለኝ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ብዙ ጊዜ ቴሌግራም ላይ አይቷል ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ይነሳ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ የአዲስ አበባን ፎቆች ሲነቀንቅ ይህ በግልጽ ታየ። የመንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መናገር የሚችል ሳይንስ የለም፤ ስለዚህ «ዛሬ ማታ በዚህ ሰዓት ይመታል» የሚል ሰው ምንጩ ማንም ይሁን ተሳስቷል። እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚጠየቀው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦፊዚክስ፣ የህዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ተቋም ነው።

አንድ ጥቃቅን የምትመስል ወጥመድም አለች። ዓለም አቀፍ የመንቀጥቀጥ መዝገቦች ሰዓታቸውን በዓለም መደበኛ ሰዓት (UTC) ይጽፋሉ። ያንን ወደ እኛ አቆጣጠር ለማምጣት 3 ሰዓት ይቀንሱ፤ 15፡00 የሚል ካዩ ከምሽቱ 12 ሰዓት ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የትናንቱን ንዝረት የዛሬ፣ ያለፈውን ደግሞ «የሚመጣ» አድርጎ ሊያወራ ይችላል።

ከአደጋ ቦታ የተቀረጸ ቪዲዮ ደረሰኝ። ከማጋራቴ በፊት እንዴት ላጣራው?

በመጀመሪያ ቪዲዮውን ማን እንደለጠፈው ሳይሆን ማን እንደቀረጸው ይፈልጉ። ቴሌግራም ላይ ከሆነ «የተላለፈው ከ…» የሚለውን ስም እየተከተሉ ወደኋላ ይሂዱ። ከዚያ ሦስት ወይም አራት ቦታ ላይ አቁመው ስክሪንሾት ያንሱና በጎግል ሌንስ ይፈልጉ፤ ኮምፒውተር ካለ ኢንቪድ የተባለው መሣሪያ ቪዲዮውን ራሱ ወደ ምስሎች ይከፋፍልልዎታል። ስክሪንሾት ሲመርጡ ጭሱንና ነበልባሉን ይተዉት፤ ጭስ ሁሉ ይመሳሰላል። የሱቅ ስም፣ ሕንፃ፣ ምሰሶ ወይም የመኪና ሰሌዳ የሚታይበትን ይውሰዱ። ፊደሉ ተገልብጦ ከታየ ቪዲዮው ሆን ተብሎ ዞሯል፤ ብዙ ጊዜ ፍለጋን ለማምለጥ ነው። ምንም ካልተገኘ «አዲስ ነው» ማለት አይደለም፤ አልተገኘም ማለት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ቦታና ጊዜ ነው፤ እዚህ ላይ የከተማው ልጅ ከማንም መሣሪያ ይበልጣል። ሰሌዳው ላይ «አአ» ነው ወይስ «ኦሮ»፣ «አማ»? የባቡር ድልድይ ይታያል? መሬቱ እርጥብ ነው? በጥር «ዛሬ» ተብሎ የሐምሌ ዝናብ ከታየ ነገሩ ያበቃል። የኮሪደር ልማቱ ደግሞ ሳያስበው የቀን መቁጠሪያ ሰጥቶናል፦ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሙሉ ሆኖ ከታየ ቪዲዮው ከ2016 ዓ.ም. ፈረሳ በፊት ነው፤ ካዛንቺስ ድሮ እንደምናውቀው ከሆነ ደግሞ ከ2017 ፈረሳ በፊት የተቀረጸ ነው። የድሮ ፈረሳ ቪዲዮ «ዛሬ ጠዋት» ተብሎ ሲዞር የሚጋለጠው ከጀርባው ባለው አዲስ የመብራት ምሰሶ ወይም በምሰሶው አለመኖር ነው።

መጨረሻው ስልክ ነው። በቦታው ያለ ሰው ይፈልጉ፤ ባለ ሱቅ፣ ጥበቃ ወይም የታክሲ ተራ አስከባሪ ይሁን፤ «እሳት አለ?» ብለው ሳይሆን «አሁን ምን ይታይሃል?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን አስቀድመው ከሰጡት ያንኑ ይመልስልዎታል። የእሳትና አደጋ ኮሚሽኑን ሲጠይቁ በሕዝብ ግንኙነቱ በኩል ይሁን፤ 939 የአደጋ ጥሪ ነው፣ ለማጣሪያ ሲባል መስመሩ መያዝ የለበትም። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል እንደታየው፣ እንዲህ ባለ ምሽት ስልክ የያዘ ሁሉ ዘጋቢ ይሆናል፤ የሚጠፋው ቪዲዮ ሳይሆን የትኛው የየት እንደሆነ የሚለይ ሰው ነው። ጊዜ ካለ መረጃ አጣሪዎቹ ሐቅቼክና ኢትዮጵያ ቼክ ጉዳዩን ቀድመው አይተውት እንደሆነ ይፈትሹ።

ድምፁ ወይም ምስሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ቢሆንስ?

ስለ ጣት ቁጥርና ስለ ዓይን እርግብግቢት የሚሰጠው ምክር እያረጀ ነው፤ ቴክኖሎጂው አልፎታል። በአማርኛ ድምፅ ግን እስካሁን የሚያገለግል መፈተሻ አለን፦ መጥበቅና መላላት። ፊደላችን ማጥበቂያ ስለማይጽፍ ማሽኑ ከጽሑፍ ሲያነብ ይስታል። «ሚኒስትሩ እንዲህ አለ» የሚለውን እንደ «ቤት ውስጥ ውሃ አለ» አጥብቆ ያነበዋል፤ «ገና አልመጣም» የሚለውን እንደ በዓሉ ገና ያደርገዋል። «ዓ.ም.»፣ «ወ/ሮ» እና ትልልቅ ቁጥሮች ላይም ይደናቀፋል። ባለሥልጣን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እየተናገረ እንዲህ አይሳሳትም።

ይህ ግን የሚያጋልጠው ከጽሑፍ የተነበበውን ነው። የሰው ድምፅ ተቀርጾ በሌላ ሰው ድምፅ ቀለም ከተቀየረ መጥበቅ መላላቱ ትክክል ይሆናል። ያኔ መጠየቅ ያለበት ንግግሩ የት፣ መቼ፣ ማን ፊት እንደተደረገ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው የሰማው ንግግር ከአንድ ገጽ ብቻ አይወጣም።

የቲክቶከርን ቪዲዮ ወስጄ ዜናዬ ውስጥ ላስገባው?

ጠይቀው ያስገቡ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ቪዲዮ የቅጂ መብት አለው፤ ለወቅታዊ ዘገባ አጭር ክፍል መጠቀም የሚፈቀድበት ሁኔታ ቢኖርም ምንጩ መጠቀስ አለበት፣ የተወሰደውም ለዓላማው ከሚበቃው በላይ መሆን የለበትም። «ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ» ብሎ መጻፍ ምንጭ መጥቀስ አይደለም፤ «ከጎዳና የተገኘ» እንደማለት ነው። የተጠቃሚ ስሙን ቆርጦ በራስ ሎጎ መሸፈን ደግሞ ስርቆት ነው፤ ትልልቆቹም ያደርጉታል።

መልእክቱ አጭር ይሁን፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ይህን ቪዲዮ የቀረጹት እርስዎ ነዎት? የት እና በስንት ሰዓት? በዜናችን ብንጠቀምበት ይፈቅዳሉ? ስምዎ ይጠቀስ ወይስ ይቅር?» የመጨረሻዋ ጥያቄ አትረሳ። የዓይን ምስክር በስሙ መታወቁ ሊጎዳው ይችላል፤ ያንን የሚያውቀው እሱ ነው። ደግሞም የመጀመሪያዋ ጥያቄ መብትንም፣ እውነትነትንም በአንድ ጊዜ ታጣራለች፤ ያልቀረጸ ሰው «የት ቆመህ ነበር?» ሲባል ይንተባተባል። የሚቻል ከሆነ ዋናውን ፋይል በቴሌግራም «እንደ ፋይል» እንዲልክልዎ ይጠይቁት፤ እንደ ተራ ቪዲዮ ሲላክ ፋይሉ ስለሚጨመቅ፣ የተቀረጸበትን ቀንና መሣሪያ የሚያሳየው መረጃ ይጠፋል።

ገጽ ወይም ቻናል ለመክፈት ፈቃድ ያስፈልገኛል?

የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የበይነ መረብ ሚዲያን አውቆ በኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ምዝገባ ሥር አስገብቶታል። አንድ ሰው በግል ገጹ አስተያየቱን መጻፉና፣ ስም ሰጥቶ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ በመደበኛነት ዜና የሚያሠራጭ ድርጅት ማቋቋሙ አንድ አይደለም። ወደ ሁለተኛው እየሄዱ ከሆነ፣ ማለትም ቢሮ ተከራይተው፣ ማይክሮፎን ላይ ሎጎ ለጥፈው መግለጫ መግባት ካሰቡ፣ ከመጀመርዎ በፊት ባለሥልጣኑ ዘንድ ቀርበው ይጠይቁ። ምዝገባ የሌለው ሎጎ በር ላይ ያስመልሳል፤ ያ ቀላሉ ችግር ነው።

ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለኝ ሕጉ የተለየ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ሐሰተኛ መረጃ ላሠራጨ ሰው እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ያስቀምጣል። ድርጊቱ በብሮድካስት፣ በሕትመት ወይም ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተፈጸመ ግን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። በዚያ ምክንያት ግጭት ወይም ሁከት ከተነሳ ከ2 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። በሌላ አነጋገር ሕጉ ባለ 5,001 ተከታዩን ከጣቢያ እኩል ቆጥሮታል፤ ጠበቃና አርታኢ ግን አልሰጠውም።

ብዙ ሰው የማያውቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ላይክ ማድረግና ታግ ማድረግ በአዋጁ «ማሠራጨት» አይባሉም፤ ሼር ማድረግ ግን ይባላል። ሁለተኛ፣ ያሠራጨው ሰው በነበረበት ሁኔታ እውነትነቱን ለማረጋገጥ ምክንያታዊ ጥረት አድርጎ ከሆነ ድርጊቱ እንደተከለከለ አይቆጠርም። ስለዚህ ያጣሩበትን ማስረጃ ያስቀምጡ፦ ለማን፣ በስንት ሰዓት እንደደወሉ፣ ምን እንደተመለሰልዎ፣ የፍለጋውን ስክሪንሾት። በየቀኑ አንድ ፎልደር ይበቃል። ካልተጻፈ ጥረቱ መደረጉን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። በማጣራቱ ከተባበሩዎት ሰዎች ጋር የተጻጻፉትን ቻትም አያጥፉ።

ጋዜጠኛ ሆኜ በግል ገጼ ተፅዕኖ ፈጣሪ መሆን እችላለሁ?

ብዙዎች ሆነዋል፤ ጣቢያዎችም አሁን ሲቀጥሩ ተከታይ ይቆጥራሉ። ችግር የሚነሳው ሦስት ቦታ ነው፤ ሦስቱም በጽሑፍ ስምምነት ይፈታሉ። ዜናው መጀመሪያ የት ይወጣል፣ በግል ገጽ ወይስ በመሥሪያ ቤቱ? በሥራ ሰዓት የተከፈተው ገጽ ሲለቁ የማን ነው? የግል ማስታወቂያ ከየትኛው ዘርፍ መቀበል አይቻልም? የንግድ ዜና የሚሠራ ሰው የባንክ ማስታወቂያ ከሠራ፣ በማግስቱ ስለዚያ ባንክ የሚጽፈውን ማን ያምነዋል?

«እዚህ የሚጻፈው የግል አስተያየቴ ብቻ ነው» የሚለው የፕሮፋይል ጽሑፍ ብዙ አያድንም። አንባቢ የሚያውቀው ፊትን ነው፤ ማታ ቴሌቪዥን ላይ ያየው ሰው ጠዋት ፌስቡክ ላይ ሲሳደብ ሁለት ሰው አድርጎ አይቆጥረውም።

የታመመ ሰው ለመርዳት ቪዲዮ እንዳጋራ ተጠይቄአለሁ። ዜና አድርጌ ላቅርበው?

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ እምቢ ማለት ጭካኔ ይመስላልና። ቢሆንም ገንዘብ የሚጠየቅበት ቪዲዮ ከማንኛውም ዜና በላይ ማጣራት ይፈልጋል። የሐኪም ማስረጃው ቀንና ማኅተም አለው? ከጻፈው ሆስፒታል ጋር ተረጋግጧል? የባንክ ሒሳቡ በታማሚው ወይም በቅርብ ቤተሰብ ስም ነው ወይስ በቀራጩ? ካልሆነስ ለምን? የሚፈለገው ገንዘብ ስንት ነው፣ እስካሁን ስንት ገባ፣ ሲሞላ ማን ያስታውቃል? የመጨረሻዋ ጥያቄ መልስ ከሌላት አያጋሩት። ታማሚው ከዳነ ወይም ካረፈ በኋላም የሒሳብ ቁጥሩ መዞሩን የሚቀጥለው መዝጊያ ቀን ስላልተቀመጠለት ነው።

የፊት ጉዳይም አለ። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ወይም ሕፃን ልጅ ፈቃድ ሰጠ የሚባለው ምን ሲሆን ነው? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን በተለየ ጥንቃቄ ከሚያዙት ይመድበዋል። ልጅ ከሆነ ፊቱን ይሸፍኑ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ክፍል ጓደኞቹ ያገኙታል። «ፊት ካልታየ ሰው አይረዳም» የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚወስነው ወላጁ እንጂ ቀራጩ አይደለም፣ ያውም ቪዲዮው የት የት እንደሚዞር ተነግሮት።

የተሳሳተ ነገር አሠራጭቻለሁ። ላጥፋው ወይስ ላርመው?

ዝም ብሎ ማጥፋት የሚያድነው እርስዎን ነው፤ ያየውን ሰው አይደለም። ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ በስህተት «ሌባው ይህ ነው» ተብሎ የንጹህ ሰው ፎቶ ከወጣ፣ ወዲያው ያጥፉትና በዚያው ደቂቃ ማጥፋትዎንና ለምን እንዳጠፉ ይጻፉ። ሌላው ስህተት ሳይጠፋ ይታረማል። ዩኔስኮ በ2024 እ.ኤ.አ. በ45 አገሮች 500 የይዘት ፈጣሪዎችን ጠይቆ፣ 62 በመቶው ከማጋራታቸው በፊት በወጉ እንደማያጣሩ አግኝቷል፤ 73 በመቶው ደግሞ ሥልጠና እንፈልጋለን ብለዋል። በቅድሚያ ካልተጣራ የኋላው እርማት የበለጠ ሥራ አለው።

አሠራሩ በየመድረኩ ይለያያል። ፌስቡክ ላይ ጽሑፉን ማረም ይቻላል፤ የእርማቱ ታሪክ ስለሚታይ «ታርሟል፦ ቀድሞ 12 ሰው ያልነው 2 ነው» ብለው ከላይ ይጻፉ እንጂ ቁጥሩን ብቻ ቀይረው አይለፉ። ቲክቶክ ላይ የወጣን ቪዲዮ በሌላ መተካት አይቻልም፤ እርማቱን አስተያየት ላይ ጽፈው ፒን ያድርጉና በዚያው አስተያየት ላይ የቪዲዮ መልስ ይሥሩ። ዩቲዩብ ላይ የተሳሳተችውን ቁራጭ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ ርዕሱን፣ ተምኔሉንና መግለጫውንም አብረው ይለውጡ፤ ብዙዎች ውስጡን አርመው ተምኔሉን ይረሱታል፣ አብዛኛው ሰው ያየው ደግሞ ተምኔሉን ነው።

አስቸጋሪው ቴሌግራም ነው። በቻናልዎ ላይ ያለውን ቢያርሙ፣ ወደ ሌላ ግሩፕ የተላለፈው ቅጂ እንደነበረ ይቀራል። ስለዚህ እርማቱ ራሱን የቻለ አዲስ ፖስት ይሁን፤ የመጀመሪያውን ያላየ ሰውም ሳይጠይቅ የሚገባው፣ የተሳሳተውን ቪዲዮ ስክሪንሾት ከላዩ ላይ «ስህተት» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት። ያንን ፖስት የመጀመሪያው በዞረባቸው ግሩፖች ውስጥ አንድ በአንድ እየገቡ ራስዎ ይለጥፉት።